ከሲልቨር ስፕሪንግ ሆኖ ክሊቭላንድ ላይ ቤት ማከራየት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የ36 ዓመት ሰው ሲሆን ከባለቤቱ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ በገዙት ታውንሃውስ ይኖራሉ። እሷ ነርስ ናት፣ እሱ ኡበር ይነዳል፤ ሁለቱም ተደምረው በዓመት 130,000 ዶላር ገደማ ያገኛሉ። ባንክ ያለው 30,000 ዶላር ነው፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ 18,000 ዶላር እቁብ ይወጣለታል። ክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ፣ ስላቪክ ቪሌጅ በሚባለው ሰፈር የታደሰና ተከራይ የገባበት ቤት በ110,000 ዶላር ቀርቦለታል። ኪራዩ በወር 1,250 ነው፤ ሻጩ ድርጅት በላከለት ወረቀት መሠረት ሁሉም ተከፍሎ በወር 300 ዶላር ይተርፈዋል። ቤቱን 20 ዓመት ይዞ ለልጆቹ የኮሌጅ ወጪ ሊያደርገው ያስባል። "ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ? የእቁቡን ገንዘብ አበዳሪው ይቀበለዋል? ኤል ኤል ሲስ ልክፈት?" ይላል (ኤል ኤል ሲ ከባለቤቱ የግል ንብረት ተለይቶ ቤቱን በስሙ የሚይዝ ድርጅት ነው)። የፈረመው የመጀመሪያው ስምምነት የኢንስፔክሽን ጊዜ፣ ማለትም ቤቱን አስፈትሾ ውሉን ሊተው የሚችልበት ጊዜ፣ የሚያበቃው በመጪው አርብ ነው።

ዕድሜህን ስለነገርከኝ አንተ እያልኩ ልቀጥል። ይህን ቤት አትግዛ። ሌላ ስቴት ቤት ገዝቶ ማከራየት የሚያዋጣ ሥራ ነው፤ ብዙ ያገራችን ልጆች ከዲሲ አካባቢ ሆነው በደንብ ይዘውታል። ይሄኛው ቤት ግን ለአንተ ገንዘብና ለአንተ ርቀት አይሆንም። ለምን እንደሆነ ወረቀቱን ይዘን እንየው።

ኦሃዮን ለምን እንደተመለከትክ ይገባኛል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ በ48,000 ዶላር መነሻ የሚከራይ ቤት መግዛት አይታሰብም፤ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ደግሞ ካውንቲው ዓመታዊ የኪራይ ጭማሪን በዋጋ ግሽበት ሲደመር 3 በመቶ፣ ቢበዛ በ6 በመቶ ገድቦታል። ክሊቭላንድ ላይ ዋጋው ከኪራዩ ጋር ሲተያይ ያጓጓል። በ20 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ፣ ማለትም 22,000 ከፍለህ፣ 88,000 ትበደራለህ፤ በ7.25 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት ሲሰላ በወር 600 ዶላር ይመጣል። ሻጩ ከዚያ ላይ ግብር 150፣ ኢንሹራንስ 75፣ አስተዳዳሪ 125 ቀንሶ 300 አስቀረልህ። የመደመርና የመቀነስ ስህተት የለበትም። ጉዱ ያለው ያልተጻፈው ላይ ነው።

ከግብሩ ልጀምር። ኦሃዮ ውስጥ የቤት ግብር የሚከፈለው አንድ ዓመት ዘግይቶ ስለሆነ ሻጭ የሚያሳይህ ደረሰኝ የቆየ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ክሊቭላንድ ያለበት ካያሆጋ ካውንቲ በ2024 ቤቶችን እንደገና ሲገምት ግምቱ በአማካይ ከ30 በመቶ በላይ ጨምሯል። የዚህን ቤት ትክክለኛ ቁጥር በአድራሻው ከካውንቲው ድረ ገጽ በነፃ ታገኘዋለህ፤ እስከዚያው 190 ብለህ ያዝ። ኢንሹራንሱንም 110 አድርገው። ራስህ ለምትኖርበት ቤት የሚገባው ኢንሹራንስ ተከራይ ላለበት ቤት አይሠራም፤ የአከራይ ፖሊሲ ያስፈልግሃል፣ ለአሮጌ ቤት ደግሞ 75 ዶላር የማይመስል ዋጋ ነው።

ከዚያ ቤቱ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ በዓመት አንድ ወር ማለት በወር 100 ዶላር ነው። አስተዳዳሪው ከተሰበሰበው ኪራይ 10 በመቶ ሲወስድ 115 ይሆናል። አዲስ ተከራይ ባስገባ ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ የአንድ ወር ኪራይ ለብቻው ይቆርጣል፤ ተከራይ በየሁለት ዓመቱ ቢቀየር በወር 50 ነው። ለጥቃቅን ጥገና 140፣ ለትላልቆቹ ማለትም ለጣሪያ፣ ለማሞቂያና ለፍሳሽ መስመር 120 አስቀምጥ። ለከተማው ምዝገባና የምስክር ወረቀት 15 ጨምር። ከብድሩ ጋር ስትደምረው 1,440 ይመጣል። ኪራዩ 1,250 ነው። 300 ይተርፋል የተባለው ቤት በየወሩ 190 ዶላር ከኪስህ ይወስዳል ማለት ነው።

"ጥገናውን አበዛኸው" ትለኝ ይሆናል። በርካሽ ቤት ላይ ሰው ሁሉ የሚሳተው እዚህ ጋ ነው፤ የጥገና ዋጋ ከቤቱ ዋጋ ጋር አብሮ አይወርድም። የማሞቂያ ፈርነስ 5,000 ዶላር ገደማ ከሆነ ለ110,000ውም ቤት፣ ለ250,000ውም ቤት ያው 5,000 ነው። ጣሪያ 12,000 ከጠየቀ የአንተን ቤት የአሥር ወር ኪራይ ይዞት ይሄዳል፤ ውዱ ቤት ላይ ግን አምስት ወር አይሞላም። ቧንቧ ሠሪ ደጃፍህ ድረስ ለመምጣት የሚያስከፍለው ቤቱ ስንት እንደተገዛ ጠይቆ አይደለም። ርካሹን ቤት የሚያዋጣው እዚያው የሚኖር፣ መዶሻ የሚይዝ፣ ቅዳሜ ሄዶ ሲንኩን ራሱ የሚቀይር ሰው ነው። አንተ ግን ስድስት ሰዓት የሚያስነዳ መንገድ ላይ ሆነህ በስልክ ነው የምታሠራው።

አሁን ስለ ሰፈሩ። ስላቪክ ቪሌጅ በ2007 የሞርጌጅ ቀውስ ጊዜ በአገሪቱ ብዙ ቤት በባንክ ከተወሰደባቸው ሰፈሮች ግንባር ቀደሙ ተብሎ በየጋዜጣው የተጻፈለት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤት ፈርሷል፤ ደህና የቆሙና በደንብ የተያዙ መንገዶችም አሉ፣ ሁለት ብሎክ አለፍ ስትል ግን ባዶ መሬትና የታሸገ መስኮት ታያለህ። ከተማው ራሱ በ1950 ከ914,000 በላይ ሕዝብ ነበረው፤ በ2020 ቆጠራ 372,000 ገደማ ነው። የቤቱ ዋጋ ይጨምራል ብለህ 20 ዓመት ለመጠበቅ የምትመርጠው ቦታ ይህ መሆን የለበትም። ሌላም ነገር አለ፦ በዚህ ብድር በሃያኛው ዓመት ገና 51,000 ዶላር ገደማ ዕዳ ይቀርሃል፤ በመጀመሪያው ዓመት ከዋናው ብድር የምትቀንሰው 850 ዶላር ብቻ ነው። ለኮሌጅ የታሰበ ቤት ከሆነ ይህን ከወዲሁ እወቀው።

ክሊቭላንድ ለሩቅ አከራይ የራሱ ሕግ አለው። በ2024 በወጣው የከተማው ደንብ መሠረት በካውንቲው ወይም በአጎራባች ካውንቲ የማይኖር ባለቤት እዚያ የሚኖር፣ ስሙ የተመዘገበ ተጠሪ ማቅረብ አለበት። ተጠሪው ድርጅት ሳይሆን ሰው ነው፤ ቤቱ ላይ ለሚገኘው ጥፋትም አብሮ ይጠየቃል። ስለዚህ አስተዳዳሪህን "ተጠሪ ትሆነኛለህ? ለዚህ ስንት ትጨምራለህ?" ብለህ አስቀድመህ ጠይቅ። ከ1978 በፊት የተሠራ የኪራይ ቤት ሁሉ ደግሞ ከእርሳስ ቀለም አደጋ ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ሰርተፍኬት ያስፈልገዋል፤ ሕጉ የወጣው በ2019 ነው፣ በሥራ ላይ መዋል የጀመረው በ2021። የስላቪክ ቪሌጅ ቤት አብዛኛው ከዚያ ዓመት በፊት የተሠራ ስለሆነ ሻጩን ሰርተፍኬቱን አምጣ በለው። "በሂደት ላይ ነው" ካለህ የለውም ብለህ ቁጠር። ያልተከፈለ የውሃና የፍሳሽ ሂሳብም ካለ ከመዝጊያው፣ ማለትም ግዢው ከሚጠናቀቅበት ቀን፣ በፊት ተጣርቶ ይከፈል።

(ኢንዲያናፖሊስን የሚያስብ አንባቢ ካለ ሌላ ወጥመድ አለ። ኢንዲያና ውስጥ ባለቤቱ ለሚኖርበት ቤት ግብር ከተገመተው ዋጋ 1 በመቶ በላይ አይሄድም፤ ለሚከራይ ቤት ግን ጣሪያው 2 በመቶ ነው። ከነዋሪ ላይ ከገዛህ ግብሩ ዓመት ቆይቶ እጥፍ ሊሆንብህ ይችላል።)

"ተከራይ አለበት" የሚለው ነገር ልብህን እንዳረጋጋው ከአጻጻፍህ ይታያል። እንዲህ ያሉ ድርጅቶች የተጎዳ ቤት በርካሽ ገዝተው፣ ቀለም ቀብተው፣ ግራጫ ፕላስቲክ ወለል አንጥፈው፣ ተከራይ አስገብተው ነው የሚሸጡት። ተከራዩ የዕቃው አካል ነው። ስለዚህ ሊዙ፣ ማለትም የኪራይ ውሉ፣ ብቻ አይበቃህም፤ የክፍያ መዝገቡን ጠይቅ። አንድ ደንበኛዬ ያመጣልኝ መዝገብ ላይ የመጀመሪያው ወር ዜሮ ነበር፣ አጠገቡ "ነፃ ወር" ተብሎ ተጽፏል፤ ሁለተኛው ወር ግማሽ ተከፍሏል፤ ሦስተኛው ወር ላይ ቤቱ ለሽያጭ ወጣ። ኪራዩ በወረቀት ላይ ልክ ነው፣ ማንም ግን ሙሉውን ከፍሎት አያውቅም። ተከራዩ ራሱ ፈርሞ "ኪራዬ ይህ ነው፣ ማስያዣዬ ይህን ያህል ነው፣ ያልተሠራልኝ ይህ አለ" የሚልበትን ማረጋገጫም ጠይቅ፤ ኢስቶፔል ይሉታል። ታማኝ ሻጭ በሁለት ቀን ያመጣዋል።

ተከራዩ የሴክሽን 8 ድጋፍ፣ ማለትም ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት ከኪራዩ የሚከፍልለት ድርሻ፣ ካለው እንደ ጉዳት አትየው። የመንግሥቱ ድርሻ በሰዓቱ ይገባል፤ ቤቱ በየጊዜው ይፈተሻል፣ ፍተሻውን ካላለፈ ግን ክፍያው ሊቆም ይችላል። ለሩቅ አከራይ እንዲያውም ሌላ ዓይን ቤቱን እያየለት ነው።

ኢንስፔክሽኑ ላይ ገንዘብ አትቆጥብ። ከተራው ፍተሻ ሌላ የፍሳሽ መስመሩን በካሜራ አስመርምር፤ ከ300 ዶላር ብዙም አይርቅም። በአሮጌ ሰፈር መስመሩ ብዙ ጊዜ የሸክላ ቱቦ ነው፤ በየመጋጠሚያው የዛፍ ሥር ገብቶበት በቪዲዮው ላይ እንደ ጺም ተንጠልጥሎ ታየዋለህ። አዲስ ቀለም ያንን አይሸፍነውም፣ ሻጩም ከመሬት በታች አላደሰም። የፈርነሱንና የውሃ ማሞቂያውን መለያ ወረቀት ፎቶ አስነሳ፤ የተሠሩበት ዓመት እዚያው ላይ አለ። ኢንስፔክተሩን ራስህ ፈልግ፤ ሻጩ ወይም የሻጩ ኤጀንት የሚጠቁሙህን አትያዝ።

ወደ እቁቡ ልምጣ፤ ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። አበዳሪ የሁለት ወር የባንክ ስቴትመንት ያያል፤ ከደመወዝህ ጋር የማይሄድ ትልቅ ገንዘብ ድንገት ከገባ "ከየት መጣ?" ይላል። "እቁብ ነው" ማለት አይበቃም እንጂ እቁብ ክልክል አይደለም። ፋኒ ሜይ፣ ማለትም አበዳሪዎች የሰጡትን የቤት ብድር የሚገዛውና የብድሩን ደንብ የሚያወጣው ተቋም፣ በማኅበር የሚጠራቀም ገንዘብን ለቅድሚያ ክፍያ ይቀበላል፤ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው። ገንዘቡን የሚይዘው ሰው፣ ማለትም የእቁቡ ዳኛ ወይም ጸሐፊ፣ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥና አንተ በየጊዜው ስትከፍል መቆየትህ እንዲታይ። ስለዚህ በጥሬ ገንዘብ መክፈሉን ተውና በዜል ወይም በቼክ ክፈል፣ ዱካ ይኑረው። አስታውስ፤ እቁቡን ቀድመህ ከወሰድክና ዙሩ ካላለቀ ቀሪው ክፍያ እንደ ዕዳ ይቆጠርብሃል። የሚገርምህ ደግሞ የዘመድ ስጦታ ነው። ለምትኖርበት ቤት ወንድምህ 10,000 ቢሰጥህ ደብዳቤ ጽፎ ያልፋል፤ በዚሁ በፋኒ ሜይ ብድር ለሚከራይ ቤት ግን የስጦታ ገንዘብ አይፈቀድም። እቁቡ ያልፋል፣ ስጦታው አያልፍም።

የኡበር ገቢህም ይታያል። አበዳሪው በአብዛኛው የሁለት ዓመት ታክስ ሪተርን ይዞ የሚቆጥርልህ ከወጪ ቀሪውን ነው፤ የነዳኸውን ማይል በሙሉ እንደ ወጪ ቀንሰህ ትርፍህን ትንሽ ካሳየህ ብድሩ ላይም ትንሽ ነህ። ከአዲሱ ቤት ኪራይ ደግሞ የሚቆጥሩልህ ብዙ ጊዜ 75 በመቶውን ነው። ገቢ የማይጠየቅበት፣ በኪራዩ ብቻ የሚሰጥ ዲ ኤስ ሲ አር የሚሉት ብድር አለ ብለው ይመጡብሃል፤ ወለዱ ከፍ ይላል፣ ቀድሞ ለመክፈልም ብዙ ጊዜ ቅጣት አለበት። ሁለት ደመወዝ ላለበት ቤተሰብ መጀመሪያ የሚኬድበት መንገድ አይደለም።

ታክሱን ባጭሩ፦ የቤቱን ዋጋ፣ ከመሬቱ በስተቀር፣ ለ27.5 ዓመት እያካፈልክ በየዓመቱ እንደ እርጅና ወጪ ከኪራይ ገቢህ ላይ ትቀንሳለህ። መሬቱ 20,000 ቢገመት ቀሪው 90,000 በዓመት 3,270 ዶላር ገደማ ይቀንስልሃል፤ ስትሸጥ ግን ይህ የተቀነሰው እስከ 25 በመቶ ግብር ይጠየቅበታል። ኪሳራ ቢመጣ እስከ 25,000 ድረስ ከደመወዝ ላይ ይቀነሳል፤ ገቢ ከ100,000 ሲያልፍ ይህ መብት እየቀነሰ 150,000 ላይ ያበቃል። እናንተ 130,000 ላይ ስለሆናችሁ 10,000 ይፈቀድላችኋል። ለሜሪላንድ ብቻ ሳይሆን ለኦሃዮም፣ ከዚያም ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ ለክሊቭላንድ ከተማ ማስታወቅ አለብህ፤ ከተማው በተጣራ የኪራይ ገቢ ላይ 2.5 በመቶ ግብር አለው። ለሦስቱም የታክስ ሪተርን የሚሞላ ባለሙያ በዓመት ተጨማሪ ጥቂት መቶ ዶላር ይጠይቅሃል፤ እሱንም ከትርፍህ ቀንሰው።

ኤል ኤል ሲውን አሁን ተወው። ፋኒ ሜይን የመሰለው መደበኛ ብድር የሚሰጠው ለሰው ነው፤ በስምህ ተበድረህ ከዚያ ቤቱን ወደ ኤል ኤል ሲ ብታዞር አበዳሪው ብድሩን በሙሉ አሁኑኑ ክፈል የማለት መብት በውሉ ላይ አለው። ለአንድ ቤት በቂ የሆነ የአከራይ ኢንሹራንስና አንድ ሚሊዮን ዶላር የሚሸፍን የአምብሬላ ፖሊሲ፣ ማለትም ብትከሰስ ከሌላው ኢንሹራንስህ በላይ የሚከፍል ተጨማሪ ሽፋን፣ ይሻልሃል። ሦስተኛ ቤት ላይ ስትደርስ ከጠበቃ ጋር ተነጋገር።

ታዲያ ምን ላድርግ ትላለህ። ለምሳሌ እዚያው ካውንቲ ውስጥ ፓርማን በመሰለ የተረጋጋ ከተማ 160,000 ዶላር የሚሸጥ፣ 1,650 የሚከራይ ቤት ብንወስድ፣ 30 በመቶ ቅድሚያ ከፍለህ ብድሩ 764 ይሆናል። እዚህ ተከራዩ ረዘም ብሎ ይቆያል፣ ቤቱም በደንብ የተያዘ ነው ብለን፣ ግብር 300፣ ኢንሹራንስ 110፣ ለባዶ ጊዜ 100፣ አስተዳዳሪ 155፣ ተከራይ ማስገቢያ 50፣ ጥገናና ትልቁ ጥገና 210 ብትል ወደ 40 ዶላር ከኪስህ ትጨምራለህ። አዎ፣ ይሄም በመጀመሪያው ዓመት አያተርፍም። ልዩነቱ ይህ ቤት ኪራዩ ጥቂት ከፍ ሲል ራሱን ይችላል፤ ብድሩ እዚያው 764 ላይ እንደቆመ ነው። የመጀመሪያው ከ190 ጉድጓድ ለመውጣት ብቻ ዓመታት ይፈልጋል፣ በመሃል ጣሪያው ካልጠየቀህ። ለዚህኛው ግን ቅድሚያው 48,000፣ የመዝጊያው ወጪ 6,000፣ መጠባበቂያው 12,000፣ በድምሩ 66,000 ያስፈልግሃል። የጎደለህ 18,000 ነው፤ አንድ ዙር እቁብ። ታውንሃውሱን አስይዘህ ያንን አትበደር፤ ልጆችህ የሚተኙበትን ቤት ለማታውቀው ተከራይ መያዣ ታደርገዋለህ።

እስከዚያ ባለው ጊዜ አስተዳዳሪ ፈልግ፤ ቤት ሳትፈልግ። ኦሃዮ ውስጥ የሰው ቤት በክፍያ የሚያስተዳድር የሪል እስቴት ብሮከር ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ከስቴቱ ድረ ገጽ ስሙን አጣራ። ሦስት አስተዳዳሪዎች ጋ ደውለህ አንድ ጥያቄ ጠይቃቸው፦ "በየትኞቹ መንገዶች ላይ ቤት አልቀበልም ትላለህ?" መንገድ እየጠራ የሚመልስልህን ያዝ። "ሁሉም ጋ እንሠራለን" የሚለውን ተወው። ሳምንት መጨረሻ ላይ ነድተህ ሂድና አብረኸው ዙር፤ ማታም አንዴ ብቻህን ዙር።

ለአርቡ ደግሞ ይህን አድርግ። ስምምነቱ ላይ የኢንስፔክሽን መውጫ ካለህ ከቀኑ በፊት በጽሑፍ፣ በኤጀንትህ በኩል፣ ውሉን እንደምትተው አሳውቅ፤ የስልክ ቃል አይቆጠርም። ስትፈርም ያስያዝከው የመያዣ ገንዘብ የሚመለስበትን ፎርም ሁለቱም ወገን ይፈርማሉ፣ ቅጂውን ያዝ። ገንዘቡ ሲመለስ የባንክ ቁጥርህን በኢሜይል የሚጠይቅህ ካለ አትላክ፤ የታይትል ድርጅቱን፣ ማለትም የግዢውን ወረቀትና ገንዘብ የሚያስፈጽመውን፣ ስልክ ከራሱ ድረ ገጽ አውጥተህ አንተው ደውልና በቃል ስጣቸው።